የሥነ ምግባር መምህሩ ተከራያችን

ሰውየው እናቴ ቤት የገባው አገር ቤት መንግሥት በተገለበጠበት ዓመት ነው። ቤታችን ጅቡቲ፣ ጋቦዴ ሰፈር ነው፤ አባቴ ምድር ባቡር ሲሠራ ያቆማት፣ እሱ ካረፈ በኋላ እናቴ በረንዳዋን ምሳ ቤት ያደረገቻት ቤት ናት። እኔ ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ እናቴን ወጥ በመሥራት የማግዝ ኮረዳ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ከድንበር ማዶ የሚጎርፈው ሰው ለጉድ ነበር። ወታደር ግን አንድም አልነበረበትም። ሁሉም መምህር ነበር። እናቴ ሽንኩርቷን እየላጠች፣ "ይሄ ሁሉ መምህር እያለ አገሩ ምነው ፊደል አጣ?" ትል ነበር።

የኛውም ሰውዬ መምህር ነኝ አለ። የምን መምህር ሲባል፣ የሥነ ምግባር።

ግዙፍ ሰው ነበር። በግንቦት ሙቀት፣ እኛ ተወልደን ያደግንበት ሰዎች እንኳ እንደ ቅቤ በምንቀልጥበት ሰዓት፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይቀመጣል። ክፍሉን ሊከራይ የመጣ ቀን ስለ ውሃ አልጠየቀም፣ ስለ መብራት አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"የግቢው ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚያድረው?"

"እኛ ቤት በር የሚዘጋው ነፋሱ ነው፣ መምህር" አለችው እናቴ።

ቅር አለው። ፊቱ ላይ ያየሁት፣ ድስቱ ሳይከደን ያደረ ወጥ ያየች ሴት ፊት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ቁልፍ ገዝቶ መጣ። ከዚያ የቧንቧውን ነገር ያዘ። ውሃ የሚመጣው ጠዋት ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ጀሪካኑን ይዞ እኛ ግቢ ይሰበሰባል፣ ይጫወታል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ሰውየው ይህን ሁሉ አስቀረ። "አንድ በአንድ! ሌላው ጀርባውን ለግድግዳ!" እያለ አሰለፈን። ጎረቤታችን የነበረች ሶማሊት፣ ባሏ የሞተባት፣ አማርኛን ከእናቴ ጋር በወሬ የተማረች ሴት ናት፤ ጀሪካኗን አስቀምጣ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ዋርያ፣ አንተ ሰው! ውሃው የመንግሥት ነው፣ ግድግዳው የኔ ነው። አንተ የምን ነህ?" አለችው።

እሷም ግን በማግስቱ ተሰለፈች። የሰው ልጅ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጮክ ብሎ ለተናገረው ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይሰለፋል።

ከሁሉ የሚገርመን ዳቦ አበላሉ ነበር። ከብስክሌት ጎማ የተነቀለች ቀጭን ሽቦ ነበረችው። ባጌቱ፣ ያ ረጅሙ የፈረንጅ ዳቦ፣ ሲቀርብለት ሽቦዋን ከኪሱ አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ ዳቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጋል። ለፋሲካ እናቴ የደፋችውን ድፎ ዳቦ ሳይቀር ሳይወጋ አልቀመሰም።

"ዳቦው ውስጥ ምን ጠፋብዎ፣ መምህር?" አለችው እናቴ።

"ጥንቃቄ ነው።"

ከወጋ በኋላ መሃል መሃሉን ፈልቅቆ ይበላል፤ ቅርፊቱን ይተወዋል። ልጅነት አለብኝና ሽቦዋን እያየሁ ኩሽና ገብቼ እስቅ ነበር። አገር ቤት የምግብ መመረዝ የበዛ መስሎኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሌላው ሰው ነፋስ ሊቀበል ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ሰውየው ግን የሚሄደው ወደ ወህኒ ቤቱ ግንብ ነው። ሰፈራችን በዚያ እስር ቤት የታወቀ ስለሆነ እኛ ግንቡን ማየት ከተውን ቆይተናል። እሱ ግን ከኳስ ጡረታ የወጣ ተጫዋች የሜዳ አጥር ይዞ እንደሚቆመው፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያየዋል። ተመልሶ ሲመጣ አስተያየት ይዞ ነው። "ግንቡን እኔ ብሠራው አንድ ክንድ እጨምርበት ነበር" ይላል። "በሩ ወደ ጎዳና መከፈት አልነበረበትም" ይላል።

"ግንበኛም ነበሩ እንዴ?" ትለዋለች እናቴ፣ አገልግሉን እየከደነች።

ዓመታት አለፉ። ሰውየው የእድራችን ሊቀመንበር ሆነ። እኛ ሐበሾች የሚቆጣን ሰው ካገኘን ወንበር ካልሰጠነው እንቅልፍ አይወስደንም። ሲመረጥ ደንቡን እንደ አዲስ አወጣ፤ ለቀብር ያረፈደ ይቀጣል፣ ለቅሶ ቤት ጮክ ብሎ የሳቀ ይቀጣል፣ ሲመዘገብ የውሸት ሙያ የተናገረ ከአባልነት ይሰረዛል። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስም መጥራት ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ስማቸው ሲጠራ "አቤት" በማለት ፈንታ "ሞቻለሁ" ብለው መለሱና ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። አብዛኞቻችን ተቀጣን። ቢሆንም ደግመን መረጥነው። ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ ወንበሩ አይጠፋም፤ ከዚያ በላይ ከሊቀመንበር ምን ይፈለጋል?

እናቴ አረፈች፤ የቀበራት እድሩ ነው፣ ሥርዓቱን የመራውም እሱ ነው፣ በደንብ መራው። ምሳ ቤቱን እኔ ያዝኩ። ሰውየው ሸመገለ፤ ጉልበቱ ከዳው፣ ወደ ግንቡ መሄዱ ቀረ። በረንዳው ጥግ ላይ ወንበር አስይዞ፣ ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከዚያ ሆኖ ቧንቧውንና ሰልፉን ያዛል። ለኔ እንደ ቤት ዕቃ ሆኖ ነበር።

አንድ ሹፌር የመጣው ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። ስድሳ ያለፈው፣ ከሲታ፣ ፀጉሩ የሸበተ የተሳቢ ሹፌር ነው። በዚህ መስመር አዲስ ነበር። መኪናውን ከከተማው ዳር፣ ከባልባላ ወዲያ አቁሞ፣ "ጋቦዴ ያገራችን ምሳ አለ" የሚል ሰምቶ በሚኒባስ መጣ። ምስር ወጥ አቀረብኩለት። ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደበላ ሰውየው ከጥጉ ሆኖ ቧንቧው ጋ በቆሙት ላይ ጮኸ።

"አንድ በአንድ! ሌላው ጀርባውን ለግድግዳ!"

የሹፌሩ እጅ ትሪው ላይ ቆመ።

"እህቴ፣ እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ተከራያችን ናቸው። መምህር ነበሩ።"

"የምን መምህር?"

"የሥነ ምግባር።"

ሳቁ መጣበትና ጉርሻው አነቀው። ውሃ ሰጠሁት። ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ተነሣ። ወደ ሰውየው ሄደ፤ ፊቱን ግን ወደሱ አላዞረም። ጀርባውን ሰጥቶት፣ ግድግዳውን እያየ፣ እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ቆመና በአንድ ጊዜ ጮኸ።

"ጓድ ኃላፊ! እስረኛ ለሽንት ፈቃድ ይጠይቃል!"

ሰውየው ቀና እንኳ አላለም። የሬዲዮውን ጣቢያ እየፈለገ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው፣

"ሁለት ደቂቃ! ዓይን መሬት!" አለ።

ከዚያ ራሱ የተናገረውን ሰማው መሰለኝ፤ ቀስ ብሎ ቀና አለ፣ የሹፌሩን ጀርባ አየ፣ እኔን አየ፣ ሬዲዮውን አየ። ላቡ በተቆለፈው አንገቱ ላይ ወረደ።

"አመሰግናለሁ፣ ጓድ" አለ ሹፌሩና በእርግጥም ሽንት ቤት ገባ። ተመልሶ እጁን ታጥቦ ምስሩን ጨረሰ። ሰውየው ግን ሬዲዮውን ወንበሩ ላይ ጥሎ ክፍሉ ገብቶ ነበር። በሩን ከውስጥ ሲቆልፍ ሰማነው።

ሹፌሩ ድምፁን ሳያነሣ ነገረኝ። በአብዮቱ ጊዜ ተማሪ ሳለ ነው የታሰረው። ይህ ሰው እሱ የታሰረበት እስር ቤት ኃላፊ ነበር። ሲገርፉ አጠገብ አይቆምም፤ ለልብሱ ይሳሳል። ሥራው ማዘዝና መቁጠር ነበር፤ ማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደማይመለስ። ከቤተሰብ የሚመጣውን ስንቅ ግን ራሱ ይፈትሻል። ዳቦውን በሽቦ ይወጋና መሃሉን ይበላል፤ ቅርፊቱ ለእስረኛው ይገባል።

"አንድ ጓደኛዬን አወጡት፤ አልተመለሰም" አለኝ። "እናቱ አታውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ታመጣለች። ይሄ ሰውዬ ይቀበላታል። 'ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል' ይላታል። ክረምቱን ሙሉ።"

ኩሽና ገብቼ ቆምኩ። ያ ድፎ ዳቦ፣ እናቴ ለፋሲካ የደፋችው፣ ዓይኔ ላይ መጣ። ሳቄም መጣ፤ ኮረዳ ሳለሁ እዚያው ቦታ ቆሜ የሳቅኩት። ሰውን ሳያውቁ መመገብ ኃጢአት አይደለም። የዚያን ቀን ምሳ ግን አልበላሁም።

ወሬ ጅቡቲ ውስጥ እግር አያስፈልጋትም፤ ነፋሱ ይበቃታል። ዓርብ ከሰዓት እድሩ እኛ በረንዳ ላይ ተሰበሰበ። ሰውየው ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቆልፎ መጣ። በሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ልብስ ሰፊው ሽማግሌ እግራቸውን ዘርግተው ያዙበት። ቆሞ ተናገረ።

"እኔ አስተዳደር ነበርኩ" አለ። "ሰው ነክቼ አላውቅም። ትከሻዬንም ያመኛል።"

"ያ ሁሉ ልጅ የት ገባ?" አሉት።

"የታዘዝኩትን ነው የፈጸምኩት።"

"ማን አዘዘህ?"

"የበላይ።"

"የበላይህንስ?"

"የሱ የበላይ።"

ልብስ ሰፊው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። "በቃ ገባኝ፤ እግዜርን ካልከሰስን የሚከሰስ የለም" አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

አንዱ ለኤምባሲ እንንገር አለ። ብዙው ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ፤ የራሱ ወረቀት ያላለቀ ሰው ኤምባሲ ሲባል ጫማው ያምርበታል። ሌላው ሽማግሌ ሆኗል፣ ለፈጣሪ እንተወው አለ። ሦስተኛው ከነጭራሹ እናባርረው አለ። ጭቅጭቁ ጦፎ ሳለ ጸሐፊው ደንቡን አነበበ፤ ሲመዘገብ የውሸት ሙያ የተናገረ ከአባልነት ይሰረዛል። መምህር ብሎ ተመዝግቧል፤ መምህር አይደለም። በቃ። ለሞቱት ልጆች የሚሆን አንቀጽ አጣንና ሰውየውን ራሱ ባወጣው ደንብ፣ ሙያ በመዋሸት ሰረዝነው። እጅ ስናወጣ እሱ ራሱ እጃችንን እየጠቆመ ሲቆጥር አየሁት።

ከቤቴ እንዲወጣ ልነግረው ቆርጬ ነበር። የከለከለኝ ሹፌሩ ነው።

"እባክሽ እህቴ፣ እንዳታስወጪው" አለኝ። "ሌላ ቦታ ከሄደ የት አገኘዋለሁ? እዚህ ምሳዬን እየበላሁ አየዋለሁ።"

"አይቀፍህም?"

"ይቀፈኛል። ግን አሁን የሚፈራው እሱ ነው። ትንሽ ልየው።"

እንደዚያ ሆነ። ሹፌሩ ጭነት ይዞ በመጣ ቁጥር ሰውየው ፊት ጀርባውን ሰጥቶ ይቆምና ፈቃድ ይጠይቃል። ሌሎች ሹፌሮችም ለመዱት። ከትሪው ተነሥተው፣ እጃቸው በወጥ እንደተለወሰ፣ "ጓድ ኃላፊ!" ይላሉ። ሶማሊቷ ጎረቤቴም ዓረፍተ ነገሩን በቃሏ ያዘች፤ ጀሪካኗን ተሸክማ ስታልፍ "ጓድ ኃላፊ፣ ለውሃ ፈቃድ!" ትለዋለች። ሰውየው መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ተደበቀ፤ ሙቀቱ ግን አብስሎ አወጣው። ከዚያ ዝም ማለት ሞከረ። አንዳንዴ ታዲያ ሳያስበው ምላሱ ያመልጠዋል፤ "ሁለት ደቂቃ!" ይላል፣ በረንዳውም በሳቅ ይናጋል።

ሲመረው ሸሚዙን ተኩሶ፣ በሚኒባስ ወደ መሃል ከተማ ወርዶ፣ የስደተኞች ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ሄደ። እዚያ የሚያስተረጉመው የኛ ሰፈር ሰው ስለነበረ የሆነውን ቃል በቃል ነገረን። ሰውየው ሦስተኛ አገር እንዲሰጠው ጠየቀ፤ በፖለቲካ ምክንያት ግፍ እየተፈጸመብኝ ነው አለ።

"ምን እያደረጉዎት ነው?" አለችው ሠራተኛዋ።

"ለሽንት ፈቃድ እየጠየቁኝ ነው።"

አስተርጓሚው ግራ ገባው። "እየከለከሉኝ ነው ማለትዎ ነው?"

"የለም! እየጠየቁኝ! በሰው ፊት!"

ሠራተኛዋ ውሃ አብዝተው ይጠጡ፣ ፀሐይም አይምታዎ ብላ ሸኘችው። የሰው ልጅ መብት ምን ማለት እንደሆነ ለአስተርጓሚው ሲያስረዳ ግን ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ ነበር አሉ። ዘግይቶም ቢሆን ትምህርት አይናቅም።

አንድ ቀን፣ ነፋሱ እሳት በሚሆንበት ወር፣ ሹፌሩ መጣና ፈቃድ ሳይጠይቅ ቀረ። በርጩማ ስቦ ሰውየው ፊት ለፊት ተቀመጠ። ምሳ ላቅርብ ብል በእጁ ከለከለኝ። እኔም የምወቅጠውን በርበሬ አቁሜ እዚያው ቆምኩ።

"አንድ ልጅ ነበር" አለው። "ረጅም፤ ፊት ጥርሱ የተሸረፈ። ከኔ ጋር አንድ ክፍል የነበረ።"

"ብዙ ልጅ ነበር" አለ ሰውየው።

"እናቱ ነጭ ሻሽ ታስራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ነበር።"

"ብዙ እናት ትመጣ ነበር።"

"ዳቦ ነበር የምታመጣው።"

ሰውየው ዓይኑን ጨፈን አደረገ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ዓመት ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣

"ጥቁር አዝሙድ ያለበት" አለ። "በኮባ ቅጠል የተጋገረ። ቅጠሉ ከታች ተጣብቆ ይቀራል፤ ሲላጥ ሽታው ያውዳል።" ምላሱ ከንፈሩን ዳሰሰ።

"ልጁስ?" አለ ሹፌሩ።

"አላስታውሰውም።"

"እሱን ካወጣችሁት በኋላም ትመጣ ነበር።"

"ትመጣ ነበር" አለ ሰውየው። ትንሽ አሰበና ጨመረበት፤ "ዳቦዋ እስከ መጨረሻው ጥሩ ነበር።"

ዘነዘናው እጄ ላይ ነበር። ስለማልወረውረው እርግጠኛ ስላልሆንኩ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሹፌሩ ግን አልጮኸም፣ እጁንም አላነሣም። ተነሥቶ ምንም ሳይበላ ሄዶ እጁን ታጠበ፤ በሳሙና፣ ደጋግሞ።

"እናቱ እስክትሞት ድረስ 'ስንቄ ደርሶት ይሆን?' እያለች ትጠይቀኝ ነበር" አለኝ። "ይህን ሳትሰማ መሞቷ ደግ ሆነ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ፈቃድ አልጠየቀውም። ሹፌሩ ለጓደኞቹ ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ብቻ ቀልዱ ቆመ። ለሰውየው ግን ይህ ባሰበት። ሰው ሲያልፍ ቀና ብሎ ያያል፣ የሚጠይቀው የለም። ምሳውን ትሪ ላይ አድርጌ በሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ አንቱ ልለው ስላቃተኝ አላናግረውም። ዳቦ ግን ከዚያ ወዲህ አልሰጠሁትም። ሩዝ ይብላ።

ባለፈው ዓመት ሙቀቱ በበረታበት ወር ሞተ። ጠዋት ትሪው ከበሩ ሳይነሣ ቀርቶ ሳንኳኳ ከውስጥ እንደቆለፈ ነው፤ በሩን ሰብረን ገባን። እድሩ ድንኳን ይተክል እንደሆነ ጠየቅኩ።

"አባል አይደለም" አሉኝ ልብስ ሰፊው። "ደንቡ የራሱ ነው፤ ይከበርለት።"

ያለ ድንኳን ቀበርነው። ሬሳው ከባድ፣ ተሸካሚው ጥቂት ነበር። ሹፌሩ ወደብ ጭነት እየጠበቀ ኖሮ ሰምቶ መጣ፤ የሳጥኑ ጥግ ሰው ስላጣ ትከሻውን አስገባ።

"ምነው መጣህ?" አልኩት።

"ላረጋግጥ" አለኝ፣ እያለከለከ።

ቄሱ የሕይወት ታሪኩን የሚያነብ ሰው ፈለጉ፤ ማንም ወደፊት አልወጣም። ዞር ብለው "ልጄ፣ ምን ልበል?" አሉኝ። "በአጭሩ ይበሉት፣ አባ" አልኳቸው። ጉሮሮአቸውን ጠራርገው፣ "ወንድማችን በነበሩበት ሥራ ምክንያት ብዙ ሰው ያውቃቸው ነበር" አሉና ወደ ጸሎቱ ገቡ።

ከቀብር ስንመለስ ሹፌሩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ዓርብ ስለሆነ ሽሮ ብቻ ነው አልኩት። ሽሮ ይሁን አለ፤ ቃሪያ አስጨምሮ በላ። ከዚያ እዚያው እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ልጅ። ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል ነቃ። ፊቱን ታጥቦ፣ መኪናው ጭነቱን ሳይቀበል እንደማይቀር ነግሮኝ፣ የባልባላውን ሚኒባስ ሊይዝ እየተጣደፈ ወጣ።